እግሩን ቁጠሩ፣ ክንፉን እዩ፦ ነፍሳትን ስለ መለየትና ስለ መመደብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ይህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከደበዘዘ የስልክ ፎቶ ጋር ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ ጎተራው ውስጥ ያገኘውን፣ ሌላዋ ልጇ አልጋ ላይ ያየችውን፣ ተማሪው ለክፍል ሥራ የሰበሰበውን ይዞ ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ከእግርና ከክንፍ። እዚህ የምናወራው ዕድገታቸውን ስለ ጨረሱት፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ጉልምስ» ስለሚባሉት ነው።

ያገኘሁት ፍጥረት ነፍሳት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እግሩን ቁጠሩ። ስድስት ከሆነ፣ አካሉም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ከተከፈለ፣ ራሱ ላይ ሁለት አንቴና ካለው ነፍሳት ነው። በሳይንስ አማርኛ «ሦስት አፅቄ» የሚባሉት ስለዚህ ነው። እግሮቹም ሆኑ ክንፎቹ ካሉ የሚበቅሉት ከመካከለኛው ክፍል ከደረቱ ነው፤ ከሆዱ የሚነሣ እውነተኛ እግር የለም።

ሸረሪት ስምንት እግር አላት፣ አካሏ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፣ አንቴናም የላትም፤ ስለዚህ ከነፍሳት አትቆጠርም። ጊንጥና መዥገርም ከእሷ ወገን ናቸው። መዥገር ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከእንቁላል ገና የወጣች መዥገር ያላት እግር ስድስት ብቻ ነው፤ ሁለቱ የሚጨመሩላት ቆዳዋን ከቀየረች በኋላ ነው። ከላም ጡት ሥር የተነቀለች ጤፍ የምታህል ነገር ስድስት እግር ቢኖራት፣ አንቴና እንዳላት ደግማችሁ ተመልከቱ። ከሌላት መዥገር ናት።

ለምን ጉልምሱን ብቻ? ትሉን አይቶ መለየት አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ከባድ ነው። በጉልምሱ ላይ ለመለያ የምንጠቀምበት ክንፍ ትሉ ላይ የለም። የዝንብ እጭ፣ የጢንዚዛ እጭና የንብ እጭ ለተራ ዓይን ሦስቱም ነጭ ትል ናቸው፤ ጉልምሶቻቸውን ግን ሕፃን ልጅም ይለያቸዋል።

ነፍሳት የሚያድጉባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። ቢራቢሮ፣ ዝንብ፣ ጢንዚዛና ንብ ከእንቁላል ወደ እጭ፣ ከእጭ ወደ ሙሽሬ (ሳይበላ የሚለወጥበት ደረጃ)፣ ከሙሽሬ ወደ ጉልምስ ይለወጣሉ። አንበጣ፣ በረሮና ትኋን ግን ሙሽሬ የሚባል ደረጃ የላቸውም፤ ልጁ ከወላጁ የሚለየው በመጠኑና፣ ወላጁ ክንፍ ያለው ከሆነ፣ ክንፍ ባለማውጣቱ ነው። የአንበጣን ልጅ አማርኛችን ከጥንት ጀምሮ «ኩብኩባ» ብሎ ለይቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሚበር ክንፍ ያወጣ ነፍሳት ማደግ አቁሟል። ትንሽ ዝንብ አድጋ ትልቅ ዝንብ አትሆንም። ወጥ ቤት ውስጥ ሙዝ ላይ የሚያንዣብቡት ደቃቅ ዝንቦች የቤት ዝንብ ጫጩቶች ሳይሆኑ የሌላ አስተኔ፣ ማለትም የሌላ ቤተሰብ፣ ጉልምሶች ናቸው። ከዚህ ደንብ ከጉልምስነት በፊት ክንፍ አውጥቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን የሚቀይር፣ ውሃ ዳር የሚኖርና ዕድሜው በጣም አጭር የሆነ አንድ ቡድን ብቻ ይወጣል።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ይህን በሚገባ ያሳያል። ገበሬው የሚያውቀው የበቆሎውን እምብርት የሚበላውን ትል ነው። ጉልምሱ ግን ሌሊት የምትበር ግራጫማ የእሳት እራት ናት። እሷን ያላወቀ ሰው ማታ መብራቱ ላይ አርፋ እያያት ነገ ማሳው ላይ እንቁላል እንደምትጥል አይጠረጥርም።

ስድስት እግር መሆኑን አረጋገጥኩ። ቀጥሎስ?

ክንፉን እዩ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነፍሳትን በሰባት ክፍለመደብ፣ ማለትም በሰባት ትልልቅ ቡድኖች፣ ሲከፍል የተመራው በክንፋቸው ነው። ዛሬም የብዙዎቹ ክፍለመደቦች ስም የሚያልቀው በግሪክኛ ክንፍ ማለት በሆነው «ፕቴራ» ነው። (ክንፍ የለሽ ብሎ በአንድ ያጎረው ሰባተኛው ክፍል ሸረሪትን፣ ጊንጥንና ሸርጣንን ከቁንጫ ጋር የቀላቀለ ነበር፤ እሱ ፈርሷል።)

የፊት ክንፉ ጠንካራ ቅርፊት ሆኖ ጀርባው ላይ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከተገጠመ ጢንዚዛ ነው፤ ክፍለመደቡ ኮሊዮፕቴራ። የሚበርበት ስስ ክንፍ ከቅርፊቱ ሥር ተጣጥፎ ይቀመጣል። በሳይንስ ስም ከተሰጣቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነፍሳት ውስጥ ወደ 400,000 የሚጠጉት ጢንዚዛዎች ስለሆኑ፣ ምን እንደሆነ ያልገባችሁ ጠንካራ ነገር ቢያጋጥማችሁ መጀመሪያ ጢንዚዛነቱን ጠርጥሩ።

ጢንዚዛ መስሎ ክንፎቹ ጀርባው ላይ እንደ መስቀል ከተደራረቡ፣ በትከሻዎቹ መካከልም ጎልቶ የሚታይ ሦስት ማዕዘን ካለ ሄሚፕቴራ ነው። አገላብጣችሁ አፉን እዩት፤ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ደረቱ ሥር ታጥፎ ታገኙታላችሁ። እነዚህ አያኝኩም፣ ይመጥጣሉ። የቡና ፍሬ የሚመጥጠው ትኋን መሳይ ተባይ፣ የገብስና የአተር ክሽክሽ፣ የአልጋችን ትኋን ጭምር እዚህ ይመደባሉ። ትኋን ክንፉን ከጊዜ ብዛት ያጣ ዘመዳቸው ነው።

ክንፉን ስትነኩት ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ ሌፒዶፕቴራ ነው፤ ቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት። ዱቄቱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተደራረቡ ደቃቅ ቅርፊቶች ናቸው።

ሁለት ክንፍ ብቻ ካለው ዲፕቴራ ነው፤ ዝንብና ትንኝ። የኋለኛው ክንፍ ተለውጦ ራሷ ያበጠ እንጨት የመሰለች ሚዛን መጠበቂያ ሆናለች። አራት ስስ ክንፍ ኖሮት ወገቡ የቀጠነ ከሆነ ሃይሜኖፕቴራ ነው፤ ንብ፣ ተርብና ጉንዳን። የኋላ እግሩ ታፋ ወፍሮ ለመዝለል ከተሠራ ኦርቶፕቴራ ነው፤ ፌንጣና አንበጣ። ኩሬ ዳር አራት ክንፉን ዘርግቶ የሚያርፍ፣ ሆዱ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ ራሱን የሞላው ደግሞ ኦዶናታ ነው።

ክንፍ ጨርሶ ከሌለው አካሉ እንዴት እንደ ጠፈጠፈ እዩ። ቁንጫ በጎንና በጎኗ ስለ ጠበበች በፀጉር መካከል ትሾልካለች። ቅማልና ትኋን ከላይ ወደ ታች የተጨፈለቁ ናቸው።

ንብን፣ ተርብንና ንብ የሚመስለውን ዝንብ እንዴት ልለያቸው?

አበባ ላይ ቢጫና ጥቁር ያዩ ሁሉ ንብ ነው ብለው ይሸሻሉ። አየር ላይ ተሰክቶ እንደቆመ የሚንሳፈፍ፣ አንቴናው በግድ የሚታይ፣ ዓይኑ ራሱን የሸፈነ ከሆነ ዝንብ ነው። ክንፉን ብትቆጥሩ ሁለት ነው። አይናደፍም፣ አይነክስም፤ የንብን ልብስ የለበሰው ወፎች እንዲፈሩት ነው። የብዙዎቹ እጮች ክሽክሽ ስለሚበሉ አትግደሉት።

ንብ ፀጉራም ናት፤ ሠራተኛዋ የኋላ እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት የምታጭቅበት ጎድጓዳ ቅርጫት አላት። የተርብ አካል ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ ወገቡም በጣም የቀጠነ ነው፤ የወረቀት መሳይ ጎጆ የሚሠሩት ተርቦች ሲያርፉ ክንፋቸውን በቁመቱ አጥፈው ያጠባሉ። የንብ መውጊያ እንደ መንጠቆ የተሰነጠረ ስለሆነ ሰው ቆዳ ላይ ይቀራል፤ የተርብ ግን ስለማይቀር ደጋግማ ትናደፋለች።

ጣዝማም ከንብ አስተኔ ናት። መሬት ውስጥ ትኖራለች፣ ከማር ንብ ታንሳለች፣ የምትናደፍበት መውጊያ የላትም። «ዝንብ ማር ትሠራለች» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ጣዝማን ከዝንብ ጋር እያምታቱ ነው፤ ክንፏን ቁጠሩ፣ አራት ነው።

ከዝናብ በኋላ መብራት ላይ የሚፈላው ባለክንፍ ምስጥ ነው ወይስ ጉንዳን?

«እንደ አሸን ፈላ» የሚያሰኘን ይህ ነው። ሁለቱም ክንፍ አውጥተው ለጋብቻ ይወጣሉ፤ ልዩነቱ ግን ለባለ ቤቱ ትልቅ ነው፣ አንዱ የጣሪያችሁን እንጨት ሊበላ ይችላልና። አንዱን ይዛችሁ ሦስት ነገር እዩ። ምስጥ አራቱም ክንፎቹ ቁመታቸው እኩል ነው፤ የጉንዳን የፊቶቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። የምስጥ ወገብ ወፍራም ነው፤ የጉንዳን እንደ ክር ቀጥኗል። የምስጥ አንቴና እንደ ጨሌ የተሰካካ ቀጥ ያለ ነው፤ የጉንዳን እንደ ክርን ይታጠፋል። ጠዋት መስኮቱ ሥር የረገፈ ክንፍ ክምር ብቻ ካገኛችሁም ክንፎቹን ደርድሯቸው፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ ምስጥ ነው።

ስለ ዝምድናቸው ብዙዎችን የሚገርመው፣ ምስጥ ከጉንዳን ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። የሚዛመደው ከበረሮ ጋር ነው። ቀድሞ ለብቻው ክፍለመደብ ነበረው፤ የዘር ቅንጣት ጥናት ከተደረገ በኋላ ከእ.ኤ.አ. 2007 ወዲህ በበረሮዎች ክፍለመደብ ውስጥ ገብቷል። አኗኗራቸው መመሳሰሉ፣ ንግሥትና ሠራተኛ ማለታቸው፣ ሁለቱ ለየብቻቸው የደረሱበት ነው። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍና አዲስ መጽሐፍ ስለ ምስጥ ቢጣሉባችሁ አዲሱን እመኑ።

ነቀዝ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይኸኛው ጥያቄ ነው። አማርኛችን እህል የሚበላን ሁሉ ነቀዝ ይላል፣ ስሙ የተሰጠው በሚያደርሰው ጉዳት ነውና። ጎተራው ውስጥ ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ፍጥረት ሊኖር ይችላል፤ መከላከያውም አንድ አይደለም።

የበቆሎ ነቀዝ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የምትደርስ ጥቁር ቡናማ ጢንዚዛ ናት። ምልክቷ አፏ ነው፤ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት ረዝሟል። በአጉሊ መነጽር ብታዩአት ጀርባዋ ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። በኩምቢዋ ፍሬውን ትበሳለች፣ እንቁላሏን ትከታለች፣ ቀዳዳውን ትደፍናለች። እጩ ውስጥ ውስጡን በልቶ ጉልምስ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ፍሬው ከውጭ ደህና ይመስላል። በመንፊት ብትነፉት የምታራግፉት የወጡትን ብቻ ነው፤ ያልወጡት ፍሬው ውስጥ ቀርተዋል።

የሽምብራና የአተር ነቀዝ ኩምቢ የላትም። ክብ ቢጤ ናት፣ የክንፏ ቅርፊት አጥሮ የሆዷ ጫፍ ይታያል። እንቁላሏን ፍሬው ላይ ትለጥፋለች፤ በዓይን የሚታይ ነጭ ነጥብ ነው። ሽምብራ ስትገዙ ነጭ ነጥብ ካያችሁበት ከመክፈላችሁ በፊት አስቡበት።

ዱቄት ውስጥ የምትገኘው ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋና ኩምቢ የለሽ ጢንዚዛ ሦስተኛዋ ናት። ደህና ፍሬ መስበር ስለማትችል በተፈጨ ወይም ቀድሞ በተበላ እህል ላይ ትበዛለች። አራተኛዋ ከነጭራሹ ጢንዚዛ አይደለችም፤ ጎተራው ሲነካ ብር የምትል ትንሽ ገለባ መልክ የእሳት እራት ናት።

የወባ ትንኝን በዓይን መለየት ይቻላል?

በከፊል። ግድግዳ ላይ ስታርፍ አኳኋኗን እዩ። አኖፌሌስ፣ ወባ የምታስተላልፈው ወገን፣ ራሷን ወደ ግድግዳው ዝቅ፣ ሆዷን ከፍ አድርጋ ታጋድላለች። ሌሊት ጆሯችን ሥር የምትጮኸው ኩሌክስ ግን አካሏ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው። እግሯና ደረቷ ላይ ደማቅ ነጭ ምልክት ያላት፣ ቀን የምትናከሰው ደግሞ ኤዴስ ናት፤ የደንጊ ትኩሳት የሚመጣው በእሷ ነው። ሦስቱም ውስጥ ደም የምትጠባው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ አንቴናው እንደ ላባ ስለሚበተን ወዲያው ይታወቃል።

ከዚያ በላይ፣ ማለትም የትኛዋ የአኖፌሌስ ዝርያ ናት የሚለው፣ የማይክሮስኮፕና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ልዩነቱ ግን ከተሜውን ሁሉ ይነካል። ነባሯ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ ዝናብ ያቆረው ረግረግ ትወዳለች። ከእስያ የመጣችውና እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ግን በውሃ በርሜልና በሲሚንቶ ጋን ውስጥ፣ ከተማ መሃል፣ በበጋም ትራባለች።

የቆላ ዝንብንስ?

ከብት ይህች ዝንብ በምታስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሚያልቅባቸው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ቆላዎች፣ በዲዴሳና በኦሞ ሸለቆ፣ ይህን ማወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው። የቆላ ዝንብ ስታርፍ ሁለቱን ክንፎቿን አንዱን ባንዱ ላይ እንደ ተዘጋ መቀስ ትደርባለች፤ የቤት ዝንብ ግን በግራና በቀኝ ገለጥ አድርጋ ነው የምታርፈው። መውጊያዋ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይታያል። ከትንኝ በተለየ ወንዱም ሴቷም ደም ይጠባሉ።

አንበጣና ፌንጣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አንበጣ የፌንጣ ዘመድ ነው፤ የሚለየው ሲበዛ ጠባዩን መለወጡ ነው። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲሆን አፈር መስሎ ይኖራል። ሲጨናነቅ መልኩም ጠባዩም ይለወጥና መንጋ ይሆናል። ይህን ያህል ስለሚለያዩ ሊቃውንት ሁለቱን መልኮች ለየብቻ ዝርያ አድርገው ያዩአቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ በሌላ የአንበጣ ዓይነት ላይ ተመርኩዞ የአንድ ዝርያ ሁለት መልክ እንደሆኑ አስረዳ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰብላችንን የወረረውን መንጋ ያየ ሰው ቀለሙን ያስታውሳል። ሮዝ ከሆነ ክንፍ አውጥቷል እንጂ ለመራባት አልደረሰም፤ ቢጫ ከሆነ እንቁላል ሊጥል ተቃርቧል። የቀበሌው ሠራተኛ ቀለሙን የሚጠይቃችሁ ለዚህ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል።

አንቴናው አጭር ከሆነ የአንበጣ ወገን ነው፤ ጆሮው ሆዱ ጎን ላይ ይገኛል። አንቴናው ከአካሉ የሚረዝም ከሆነ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ጆሮው የፊት እግሩ ላይ ነው። በወሎና በሸዋ ደጋ ጤፍና ገብስ የሚበላው ደገዛ ከዚህኛው ነው። ክንፉ በጣም አጭር ስለሆነ አይበርም፤ ክንፍ ማጠሩን አይታችሁ ግን «ገና ልጅ ነው» እንዳትሉት።

ቢራቢሮና የእሳት እራት?

አንቴናው ጫፉ ላይ ካበጠ ቢራቢሮ፣ እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ከሆነ የእሳት እራት። በቀን መብረርና በቀለም መድመቅ አይታመኑ፤ በቀን የሚበሩ ደማቅ የእሳት እራቶች አሉ።

የሳይንስ ስሙን የግድ ማወቅ አለብኝ?

ለአብዛኛው ሥራ ክፍለመደቡን፣ ከተቻለም አስተኔውን ማወቅ ይበቃል። ንብ ብትወስዱ፦ ስፍኗ እንስሳት፣ ክፍለስፍኗ አርትሮፖዳ፣ መደቧ ኢንሴክታ፣ ክፍለመደቧ ሃይሜኖፕቴራ፣ አስተኔዋ አፒዴ፣ ወገኗ አፒስ፣ ዝርያዋ አፒስ ሜሊፌራ። ሜሊፌራ ማለት ማር ተሸካሚ ነው። ሊኔየስ ንብ የምትሸከመው ማር ሳይሆን የአበባ ወለላ መሆኑን አስተውሎ ከሦስት ዓመት በኋላ «ማር ሠሪ» ብሎ ሊያርመው ቢሞክርም፣ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል በሚለው ደንብ የመጀመሪያው ቀረ።

ባለሙያ እንዲለይልኝ ምን ልላክ?

አንድ ፎቶ አይበቃም። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት አንሡ፤ አጠገቡ ሳንቲም አኑሩ መጠኑ እንዲታወቅ። ቶሎ የሚሸሽ ከሆነ በብርጭቆ ክደኑትና ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት፤ ይደነዝዛል እንጂ አይሞትም።

ናሙናውን ለማቆየት ለስላሳ አካል ያላቸውን 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ። ቢራቢሮና የእሳት እራት አልኮል አይንካቸው፣ ቅርፊታቸው ይረግፋል፤ በወረቀት አጥፋችሁ አድርቋቸው። ጢንዚዛ በመርፌ ሲሰካ መርፌው በቀኝ ክንፉ ቅርፊት በኩል ይግባ እንጂ መሃሉን አይውጋ፤ መሃሉ ለመለየት የሚፈለግ ምልክት አለው።

ከናሙናው ጋር ወረቀት አኑሩ፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ምን ተክል ወይም ምን እንስሳ ላይ እንደተገኘ፣ ማን እንደያዘው፣ ቀኑ። ቀኑን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። «5/2/2012» ብቻ የተጻፈበት ናሙና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት ነው፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው፤ የክረምቱን ማለቂያ ከበጋው ያምታታል። በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።

የት ልውሰደው?

ማሳ ላይ የተገኘ ከሆነ መጀመሪያ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ፤ ከዚያ ካለፈ አምቦ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በእጽዋት ጥበቃ የቆየ ልምድ አለው። ስለ ንብ ከሆነ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። ለማየትና ለማነጻጸር ደግሞ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የእጅ አጉሊ መነጽርም ካላችሁ ያዙ።